አራት ሰዓት ላይ የሚፈታው ገመድ

ጂፑ የጎርፉን ውሃ ግራና ቀኝ እየረጨ በሪዛል ጎዳና ቁልቁል ሲከንፍ፣ ሉሚንግ የጽሕፈት መኪናዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ የመጨረሻውን ገጽ ትመታ ነበር። ጂፑ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ጣቷ ያላዘዘችው ፊደል ላይ ያርፋል። በካርቦን በሚባዙት በሦስቱም ቅጂዎች ላይ ያንን ፊደል መሰረዝ አለባት፤ ትሰርዛለች፣ ትረግማለች፣ ትቀጥላለች።

«ጋሽ ፒስቶ፣ ጉድጓድ እየመረጥክ ነው እንዴ የምትነዳው?»

«እኔ አልመርጠውም፤ እሱ ነው የሚመርጠኝ» አለ ሾፌሩ፣ የፊት መስታወቱን በመዳፉ እየወለወለ። «ደግሞ ሰው በኔ ጂፕ ሲሄድ ይጸልያል እንጂ አይጽፍም።»

ፊት ለፊቷ ሁለት ሰዎች ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥመው ተቀምጠዋል። አንደኛው ጠበቃ ሌናርድ ፌይን ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ቀጭን፣ ጢማም፣ መነጽሩ ሁልጊዜ በላብ የሚጨልም አሜሪካዊ። ከአንድ ዓመት በፊት፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰፈር ካለባት ከኦሎንጋፖ ከተማ ልብስ ሰፊዎች በአንዱ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይቶ፣ ወደ ቬትናም ጦርነት አንሄድም ለሚሉ ወታደሮች ምክርና ጥብቅና መስጠት ጀመረ። በሩ ላይ «የወታደር ሕግ ቢሮ» ብሎ ጻፈ፤ ቀን ቀን ባሕረኞች፣ የማሪን ወታደሮችና አንዳንዴም ሰላዮች ደረጃውን ይወጡ ነበር። ሁለተኛው ዌንደል ታይስ ይባላል። የካንሳስ ገበሬ ልጅ፣ ሃያ ዓመቱ፣ ጆሮው እንደ በርበሬ የቀላ፤ «ሃርዊክ» በተባለው የጦር አውሮፕላን ጫኝ መርከብ ላይ ቦምብ ጫኝ ነው።

ሃርዊክ ከወደቡ የሚነሣው በነገታው ነበር። ሌሊቱን ግን ራዲዮው አውሎ ነፋስ እየመጣ ነው አለ፤ መርከቦቹ ወደብ ላይ ታስረው ከሚሰባበሩ ክፍት ባሕር ላይ ቢቆዩ ይሻላል ተባለና መነሻው ለጠዋቱ አራት ሰዓት ሆነ። ከንጋት ጀምሮ የባሕር ኃይሉ ፖሊሶች ፊሽካ እየነፉ ባሕረኛውን ከየአልጋው ሲያስነሡ ነበር። ሉሚንግ ወሬውን የሰማችው ዳቦ ቤት ነው። ትኩሱን ዳቦ በወረቀት እንደጠቀለለች በቀጥታ ወደ ቢሮው ሮጠች፤ ዌንደል እዚያ ወንበር ላይ ተኝቶ አገኘችው።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለ ፌይን።

«ሁለት ከሃያ። ሰዓት መጠየቅህን ትተህ ይህን ያዝልኝ» ብላ የተመታውን ገጽ ሰጠችው። «ጌታዬ» እያለች ስትጠራው ለምኖ ካስተዋት ወዲህ እንደ ታናሽ ወንድሟ ነበር የምታዘው።

ወረቀቱ ማመልከቻ ነበር። ኅሊናዬ ሰው መግደልን አይፈቅድልኝምና ከውጊያ ሥራ አስወጡኝ የሚል። ሕጉ ራሱ ይህን ይፈቅዳል፤ ፌይን ሕግ የሚለውም እሱን ነው እንጂ ተአምር አይሠራም። አንድ ወታደር ማመልከቻውን ለአዛዡ ካደረሰበት ቀን ጀምሮ፣ ውሳኔ እስኪሰጠው ድረስ፣ በተቻለ መጠን ከእምነቱ ጋር በማይጋጭ ሥራ ላይ ይመደባል። ቄስ ያነጋግረዋል፤ ሐኪም ያነጋግረዋል፤ መርማሪ መኮንን ይሰማዋል። ነገሩ ሁሉ ያለው «ካደረሰበት ቀን» በምትለው ላይ ነው። ዌንደል ከዘጠኝ ቀን በፊት የመጀመሪያውን ማመልከቻ ለአለቃው ለመቶ አለቃ ክራንዶል በእጁ ሰጥቶ ነበር። ክራንዶል «አየዋለሁ» አለ። በሦስተኛው ቀን ሲጠየቅ «የምን ወረቀት?» አለ።

«ሚስተር ፌይን» አለ ዌንደል በድንገት። ድምፁ ጎርነን ያለ ነበር። «ብቀርስ? የጓደኛዬ የሳሉድ አጎት ዛምባሌስ ኮረብታ ላይ እርሻ አለው። ዛሬውኑ ይምጣ ብሏል።»

ፌይን መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ።

«ብትቀር» አለ ቀስ ብሎ፣ «መርከብህ ስትሄድ ሆን ብለህ እንደቀረህ ይቆጠራል። በጦር ፍርድ ቤት ያስከስሳል፤ እስርም አለው። ማመልከቻህንም ያዳክመዋል፤ ኅሊና ሳይሆን ሽሽት ነው ይሉሃል። ብትሄድ ደግሞ ወረቀቱን ዛሬም ላይቀበሉህ ይችላሉ። ባሕር ላይ እኔ የለሁም፤ ብቻህን ነህ። ቦምቡን ጫን ቢሉህና እምቢ ብትል መርከቡ ላይ እስር ቤት አለ። ሁለቱም ይኸው ነው። የምትመርጠው አንተ ነህ።»

«አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?»

«እኔ አንተ አይደለሁማ። ለዚህ ነው የማልነግርህ።»

ሉሚንግ ጣቷን ከመኪናው ላይ አነሣች።

«እሱ ጠበቃ ስለሆነ አይነግርህም። እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ እነግርሃለሁ። የሳሉድ አጎት ደግ ሰው ነው፤ ሩዝና የደረቀ ዓሣ ሦስት ወር ያበላሃል። ከዚያ ጎረቤት ያወራል። ያንን ጆሮ ይዘህ ዛምባሌስ ላይ የት ትደበቃለህ? መንደርተኛው እንደ ባንዲራ ነው የሚያየው።»

ጋሽ ፒስቶ ከፊት ሳቀ።

«ሲይዙህ» ቀጠለች፣ «ምንም ሳትናገር የጠፋህ ሰው ሆነህ ነው የምትያዘው። አሁን ግን የምትናገረው አለህ። ስድስት ገጽ። እኔ ነኝ የመታሁት፤ ምን እንዳለበት አውቃለሁ።»

ዌንደል እጆቹን አያቸው። «ኬኩንም ጻፍሽው?»

«እንዳልከው። አንድ ቃል አልነካሁም።»

አራተኛው ገጽ ላይ ነበር። ባለፈው ወር አብራሪዎቹ አንድ ድልድይ መትተው ሲመለሱ፣ የመርከቡ ወጥ ቤት ድልድይ የሚመስል ትልቅ ኬክ ጋገረ። ቦምብ ጫኞቹም ተጠርተው አብረው በሉ። ለዌንደል የደረሰው የድልድዩ መካከል ነው። እየበላ ሳለ አንዱ አብራሪ፣ ምንም ክፋት ሳይኖርበት፣ «የገበያ ቀን ነበር መሰለኝ፤ ድልድዩ ሰው ብቻ ነበር» አለ። ዌንደል የጎረሰውን መዋጥም መትፋትም አቃተው። ከዚያን ቀን ወዲህ ቦምብ ሲያነሣ አፉ ውስጥ ስኳር ይጣፍጠዋል። ሉሚንግ ይህን ስትመታ ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄዳ ነበር፤ እስክትመለስ ድረስ ማንም አልጠራትም።

ከጦር ሰፈሩ በር በፊት ባለው ድልድይ ላይ ጂፑ ቆመ። የመጨረሻው ገጽ አልቋል። ዌንደል በሞተሩ ክዳን ላይ፣ ፌይን በያዘለት ጃንጥላ ሥር፣ ሦስቱንም ቅጂ ፈረመ።

«እሄዳለሁ» አለ። «ግን እንደ ባለፈው አይሆንም። እንዳይሆን አድርጉልኝ።»

ፌይን እዚያ መቆም ነበረበት። ከሁለት ወር በፊት የሰፈሩ አዛዥ ግቢውን እንዳይረግጥ በደብዳቤ ከልክለውታል። ሉሚንግ ግን መግቢያ ወረቀት አላት። ጠዋት ጠዋት በሰፈሩ ልብስ ንጽሕና ቤት የወታደሮችን ሸሚዝ ትተኩሳለች፤ ሥራውን ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት አሥራ አንድ ዓመት የከተማው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበረች፤ አዲስ ዳኛ መጣና ቦታዋን ለእህቱ ልጅ ሰጠው።

«ሉሚንግ» አለ ፌይን፣ ጃንጥላውን በእሷ ላይ እያዘነበለ። «መግቢያሽን ይነጥቁሻል። አስበሽበታል?»

ልጇ ማኒላ ነርስነት ትማራለች። ባሏ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው።

«አላሰብኩበትም» አለች። «አሁን ጊዜ የለኝም፤ ማታ አስብበታለሁ።» ወረቀቶቹን በላስቲክ ጠቅልላ ከዝናብ ልብሷ ሥር አስገባችና ዌንደልን በክንዱ ያዘችው።

የበሩ ዘብ የሚያውቃት አስር አለቃ ነበር፤ ሸሚዙን የምትተኩሰው እሷ ናት።

«ሉሚንግ፣ በዚህ ዝናብ ሥራ ገባሽ?»

«ሃርዊክ ላይ የሚደርስ ነገር አለኝ» አለች። ሐሰት አልነበረም። ዘቡ ዌንደልን ሲያይ በፉጨት አዘነለትና በእጁ ሂድ አለው።

መርከቦች ወደሚታሰሩበት መትከያ የሚሄደው አውቶቡስ አልፎ ነበር። ጥቂት እንደሮጡ አንድ የጭነት መኪና አጠገባቸው ቆመ። ላዩ ላይ አሥራ አንድ ሰዎች ቢጫ የዝናብ ካፖርት ለብሰው ተኮልኩለዋል። የመርከብ ገመድ ፈቺዎቹ ናቸው፤ መርከብ ሲመጣ ገመዱን ወደቡ ላይ ካለው የብረት ምሰሶ ጋር የሚያስሩ፣ ሲሄድም የሚፈቱ። አለቃቸው ሲክስቶ የሉሚንግ ባል ጓደኛ ነበር።

«ነይ ውጪ፣ ሉሚንግ። ከመቼ ወዲህ ነው አሜሪካዊ የምታሳድጊው?»

«ከዛሬ ጠዋት ወዲህ። ፈቀቅ በሉ።»

በመንገድ ላይ በአገራቸው ቋንቋ በታጋሎግ ነገሩን ነገረቻቸው፤ ወረቀቱን፣ የጠፋውን የመጀመሪያውን፣ ክራንዶልን። ዌንደል ምንም ሳይገባው በመካከላቸው ተቀምጦ ውሃ ያንጠባጥባል። ሲክስቶ የካፖርቱን ውሃ አራገፈ። ከዚያ «የነዚህን ቦምብ መርከብ ስንት ጊዜ ፈትተን ላክን» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ።

መርከቡ ከወደቡ በላይ እንደ ግራጫ ገደል ቆሞ ነበር። መውጫ መሰላሉ ሥር ሸራ ተወጥሮ፣ ከሸራው ሥር ጠረጴዛ ተቀምጦ፣ መቶ አለቃ ክራንዶል የዘገዩትን ባሕረኞች ስም ይጠራል። ጥርት ብሎ የተላጨ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው ሰው ነው። ስምንት ያህል ባሕረኞች ተሰልፈዋል።

«ታይስ» አለ ክራንዶል ቀና ሳይል። «አንድ ሰዓት ዘግይተሃል። ውጣ።»

ዌንደል ሰላምታ ሰጥቶ ቆመ። «ጌታዬ፣ ከመውጣቴ በፊት ለመርከቡ አዛዥ የሚደርስ ማመልከቻ አለኝ። መቀበልዎን እንዲፈርሙልኝ እጠይቃለሁ።»

«ባሕር ላይ ስንወጣ አምጣው።»

«ባለፈው አምጥቼው ነበር፣ ጌታዬ። ጠፋ።»

«እንግዲህ መርከብ ላይ ዕቃ ይጠፋል» አለ ክራንዶል። ከተሰለፉት አንዱ ሳቅ አለ፤ ሌሎቹ ግን መሬት መሬት ያዩ ነበር። «ይሄ ትእዛዝ ነው። ውጣ።»

ዌንደል ወደ ሉሚንግ ዞረ። ሉሚንግ የላስቲኩን መጠቅለያ ፈታች፤ አንዱን ቅጂ በሁለት እጇ ይዛ ጠረጴዛው ላይ፣ በትክክል ክራንዶል ፊት፣ አስቀመጠችው።

«ሴትዮ፣ አንቺ ደግሞ ማነሽ?»

«ጸሐፊ ነኝ፣ ጌታዬ። ፍርድ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። መጥሪያ አልቀበልም የሚል ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ አንዱ በፖሊሱ ላይ ውሻ ለቆበታል። እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥመን ወረቀቱን ፊቱ እናስቀምጥና ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የምስክሮቹን ስም ጽፈን እንሄዳለን። እንደተቀበለ ይቆጠራል።»

«ይሄ የእናንተ መንደር ፍርድ ቤት አይደለም።»

«አይደለም። ይህን የምጽፈውን የሚያነበው ግን የእናንተ ፍርድ ቤት ነው።» ሁለተኛውን ቅጂ ገልብጣ በጀርባው መጻፍ ጀመረች፤ እየጻፈችም ጮክ ብላ ታነባለች። «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ አምስት። መቶ አለቃ ክራንዶል ‹መርከብ ላይ ዕቃ ይጠፋል› ብለዋል። ልክ ነኝ፣ ጌታዬ? ወይስ ሌላ ቃል ነበር ያሉት?»

የክራንዶል ፊት ደም መሰለ። «ምስክርሽስ ማን ነው? ዝናቡ?»

እውነቱን ነበር። አንድም ምስክር አልነበራትም። የተሰለፉትን ባሕረኞች አየቻቸው፤ ዓይናቸውን ሰበሩ። አልፈረደችባቸውም። እነሱ ከዚህ ሰው ጋር ባሕር ላይ የሚወጡ ናቸው።

«እኔ» አለ ሲክስቶ ከኋላዋ። ገመዱን ትቶ ነበር የመጣው። ብዕሩን ከእጇ ተቀብሎ ስሙን ጻፈ፤ ከነአባቱ፣ ከነሰፈሩ።

ከእሱ ኋላ ሌላው መጣ፤ ከዚያም ሌላው። አሥራ አንዱም በየምሰሶው ሥር ያለውን ቦታቸውን ለቀው በጠረጴዛው ዙሪያ ሰልፍ ያዙ። ሁሉም እጃቸውን በካፖርታቸው ያደርቃሉ፤ ብዕሩን ያገላብጣሉ፤ «እዚህ ጋ ነው?» ይላሉ። የሁሉም ታላቅ የሆኑት ሽማግሌ አንዲት ፊደል ጽፈው ቀና አሉ።

«የኔ እጅ ገመድ የለመደ ነው፤ ለብዕር ይዘገያል» አሉ በታጋሎግ። «ንገሪው፤ ይታገሠኝ።»

«ጥቂት ይታገሡ ይላሉ፣ ጌታዬ» አለች ሉሚንግ።

ከላይ በድምፅ ማጉያ «ገመድ ሠራተኞች በየቦታችሁ» ተባለ። ማንም አልተነቃነቀም። ሁለት ጎታች ጀልባዎች ከመርከቡ ጎን ተጠግተው ጥሩንባቸውን ነፉ። ነፋሱ ሸራውን እያርገበገበው ነበር፤ ውሃው መትከያውን ይገርፋል። ክራንዶል ተነሥቶ «ወደ ሥራችሁ ተመለሱ» ብሎ ጮኸ። ሲክስቶ በጣም በትሕትና ራሱን ነቀነቀና በሰልፉ ውስጥ ባለበት ቀረ።

«ጌታዬ፣ እኔም ሰምቻለሁ» አለ አንድ ድምፅ።

ከተሰለፉት ባሕረኞች መካከል ነበር። ረጅም፣ ጥቁር፣ ክንዱ ላይ የባለማዕረግ ምልክት ያለበት ሰው። እሱም ወደ ጠረጴዛው ቀርቦ ብዕሩን ወሰደና ቆሞ ፈረመ፤ «ኦቲስ ማብሪ፣ የሞተር ክፍል» ብሎ ደመደመ። ወደ ሰልፉ ሲመለስ ከኋላው የነበረው ባሕረኛ ቦታውን ይዞ ጠበቀው።

ከመርከቡ ጫፍ የምክትል አዛዡ ራስ ብቅ አለ። «ክራንዶል፣ ገመዱን ማን ነው የሚፈታልን? አውሎ ነፋሱ?»

«አንዲት ወረቀት ናት፣ ጌታዬ። የታይስ ማመልከቻ።»

«ታዲያ ፈርማትና ገላግለን።»

ክራንዶል ተቀመጠ። ከሦስቱም ቅጂ በታች ስሙን ጫረ፤ የብዕሩ ጫፍ ወረቀቱን ቀደደው።

«ሰዓቱንም፣ ጌታዬ» አለች ሉሚንግ።

ሰዓቱንም ጻፈ። ከዚያም የራሱን ደብተር አወጣ። «ስምሽንና የመግቢያሽን ቁጥር።»

«ኢሉሚናዳ ማካራኤግ» አለች፤ ቁጥሯንም በቃሏ ነገረችው። «ማካራኤግ የሚለውን ብዙ ሰው ያበላሸዋል። ልጻፍልዎት?»

አላጻፋትም፤ አበላሸውም።

ዌንደል አንዱን ቅጂ በደረቱ ኪስ ከተተ። ሊያቅፋት ፈለገ፤ በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት ግን አፈረ። «እትዬ ሉሚንግ…» ብሎ ቀረ።

«ሂድ» አለችው። «ቄሱ ሲያነጋግርህ የማታውቀውን ጥቅስ አትጥቀስ። የደረሰብህን ንገረው። ከተቆጣም ደግመህ ንገረው።»

ወጣ። መሰላሉን ሲወጣ ዞሮ አላየም። ሲክስቶና ሰዎቹ በሩጫ ወደየምሰሶአቸው ተመለሱ፤ ገመዶቹንም ሥራቸውን እንደሚወድ ሰው በአፍታ ፈቱ። ሃርዊክ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ሩብ ሰዓት ዘግይቶ፣ ከመትከያው ተላቀቀ።

ሉሚንግ በእግሯ ወደ በሩ ስትመለስ አስር አለቃው ስልኩን ገና እየዘጋ ነበር። ፊቱን የሚያዞርበት አጣ።

«ትእዛዝ ነው፣ ሉሚንግ።»

«አውቃለሁ።» ስድስት ዓመት አንገቷ ላይ የዋለውን መግቢያ አውልቃ መዳፉ ላይ አኖረችው። «የሐሙስ ሸሚዝህ ክንዱ ላይ ቁልፍ ተበጥሷል። ልብስ ንጽሕና ቤት ላለችው ለናርሲሳ ንገራት፤ ትሰፋልሃለች።»

ዌንደል መርከቡ ከወደቡ በወጣ በሁለተኛው ቀን ከቦምብ ጫኞቹ ወጥቶ ወጥ ቤት ገባ፤ ድንች ይልጥ ነበር። ክራንዶል በማንኛውም ምክንያት ይቀጣው ጀመር፤ ማመልከቻውም መጀመሪያ ውድቅ ተደረገ። ፌይን ያንን የተቀደደ ፊርማና የአሥራ ሁለት ሰዎችን ስም ይዞ ተከራከረ። ልጁ በተከታዩ ዓመት በሚያዝያ ወር በክብር ተሰናብቶ ካንሳስ ገባ። ሲክስቶ ለሁለት ሳምንት ከሥራ ታገደ። የማብሪን ነገር ማንም በእርግጠኝነት አላወቀም፤ ማዕረጉ ወርዷል የሚል ወሬ ግን መጣ። ይህ ሁሉ የሆነው ኋላ ነው። በዚያ ጠዋት ሉሚንግ የምታውቀው መግቢያዋን ማጣቷንና አንድ ፊርማ ማግኘቷን ብቻ ነበር።

ድልድዩ ላይ ፌይን ጃንጥላው ተገልብጦበት ቆሟል። ጋሽ ፒስቶ ጂፑ ውስጥ ሆኖ የሷን ዳቦ እየበላ ነበር።

«ፈረመ?» አለ ፌይን።

ቅጂውን ሰጠችው። አነበበው፤ ገልብጦ ስሞቹን አነበበ፤ ከዚያም አንገቷን አየ።

«ሉሚንግ፣ እኔ…»

«እንዳትጀምረኝ» አለች። «ከነገ ጀምሮ ጠዋትም አለሁ። የሚከፈለኝን ከሰዓት በኋላ እንነጋገርበታለን።»

ቢሮው ሲደርሱ ከልብስ ሰፊው ደጃፍ ጀምሮ ደረጃው ላይ ሦስት ባሕረኞች ተቀምጠው ነበር፤ ከአንዲት ትንሽ መርከብ የመጡ። የእነሱ መርከብ የሚነሣው ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ዘንድሮ ወሬ ከጂፕ ይፈጥናል፤ የወደቡን ነገር ሰምተዋል። ፌይን በሩን ከፈተ። ሉሚንግ ፀጉሯን ጨምቃ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና የመጀመሪያውን በእጇ ጠራችው። ጢም እንኳን በቅጡ ያላበቀለ ልጅ ነው፤ ቆቡን በጣቶቹ መካከል ያሽከረክራል።

«እኔ እንደ ሌሎቹ ማውራት አልችልም» አለ። «ትምህርቴም ትንሽ ነው። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም።»

«ማሳመሩን ተወው» አለችው። «እምቢ ያልከው ምኑን ነው? እሱን ብቻ ንገረኝ።»

ልጁ ጉሮሮውን ጠረገና ነገራት።